ድምፅና ብርሃን በካርናክ፤ ለታሪክ መምህር የሚሰጠው ትምህርት

የታሪክ ትምህርት ከሌሎች ትምህርቶች የሚለይበት አንድ ችግር አለው፤ ይኸውም የሚያስተምረው ነገር በተማሪው ዓይን ፊት የሌለ መሆኑ ነው። የሒሳብ መምህር ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ የሳይንስ መምህር ዘሩን አብቅሎ ያሳያል፤ የታሪክ መምህር ግን የሞቱትን ነገሥታት፣ የፈረሱትን ከተሞችና ስማቸው ያልተጻፈውን ሠራተኞች በቃሉ ኃይል ብቻ ማስነሣት አለበት። ስለዚህ በጥንታዊ ሕንፃዎች ላይ ሌሊት መብራት እያበሩ ታሪካቸውን በድምፅ የማሰማት ጥበብ የአገር ጎብኚዎች መዝናኛ ብቻ ተብሎ መታለፍ የለበትም። እኔም በዕረፍት ወራት ይህን ትርኢት በላይኛው ግብፅ በካርናክ ቤተ መቅደስ ለማየት ዕድል ስላገኘሁ፣ ያየሁትንና ያሰብሁትን ለሙያ ጓደኞቼ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የዚህ ጥበብ መነሻ ፈረንሳይ ነው። ፈረንሳዮች ስሙን «ሶን ኤ ሉሚዬር» ይሉታል፤ «ድምፅና ብርሃን» ማለት ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1952 በሻምቦር ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ሐሳቡን ያፈለቀው የቤተ መንግሥቱ ኃላፊ የነበረው ፖል ሮቤር ኡዳን ነው። ከዚያ በኋላ ጥበቡ በፍጥነት ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በግብፅ በጊዛ ፒራሚዶች ፊት ተጀመረ፤ በዚያም ታሪኩን የሚተርከው ስፊንክስ ራሱ እንዲሆን ተደረገ። አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል የሆነው ድንጋይ «እኔ» እያለ ሲናገር መስማት፣ ላልለመደው ሰው እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

የካርናክ ትርኢት ከጊዛው የሚለየው ተመልካቹ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የማይቀር በመሆኑ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሕዝቡ የበግ ራስ ባላቸው ስፊንክሶች መካከል አልፎ በመጀመሪያው ታላቅ በር ይገባል። ድምፁ ከጨለማው ውስጥ ይጣራል፤ ብርሃኑ አንድ ግድግዳ ያበራል፤ ሕዝቡም ወደዚያ ይሄዳል። ከዚያ ያ ይጠፋና ሌላው ይበራል። እንዲህ እየተመራ ወደ ዓምዶቹ አዳራሽ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በዚያ አዳራሽ 134 ዓምዶች ቆመዋል፤ በመካከል ያሉት 12ቱ ከሌሎቹ የሚበልጡ ሲሆኑ ቁመታቸው 21 ሜትር ያህል ነው። ቀን በፀሐይ ሲታዩ ብዛታቸው ይደንቃል፤ ሌሊት ከሥር በሚወጣ ብርሃን ሲታዩ ግን ጫፋቸው ከሰማዩ ጋር ስለሚቀላቀል መጨረሻ የሌላቸው ይመስላሉ። በመጨረሻ ሕዝቡ ከተቀደሰው ሐይቅ ዳር በደረጃዎች ላይ ተቀምጦ፣ የሐትሼፕሱት ሐውልት ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ቁመቱን ይዞ ከጨለማ ሲወጣ ያያል።

እንደ መምህር ስመለከተው ትርኢቱ የጥሩ ትምህርት ጠባይ ሁሉ አለው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያሳያል። ከማሳየቱ በፊት በድምፅ ይጠራል፤ ተማሪው ሳያይ መጠበቅ ይጀምራል። ሕንፃው ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲሠራበት፣ ሲፈርስበትና ሲጨመርበት የኖረ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላሳይ ቢል ኖሮ ተመልካቹ ግራ በተጋባ ነበር። ከእኛ መካከል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአክሱም እስከ ዓድዋ ለመድረስ የሚቸኩል መምህር ካለ፣ ከዚህ ብርሃን ትዕግሥትን ሊማር ይችላል።

ነገር ግን ብርሃን የሚያሳየው ሌላውን በጨለማ በመተው ነው። ይህን የተረዳሁት በማግሥቱ ጠዋት ወደዚያው ቦታ ተመልሼ በሄድሁ ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው በር በስተጀርባ በግቢው ውስጥ የጭቃ ጡብ ክምር አለ። በሌሊት አላስተዋልሁትም ነበር፤ ቀን ሲታይም መልክ የሌለው አፈር ይመስላል። ሆኖም ይህ ክምር በካርናክ ካሉት ነገሮች ሁሉ እጅግ ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። በሩ ሥራው ሳይፈጸም ስለቀረ፣ ግንበኞቹ ድንጋይ ወደ ላይ ለማውጣት የሠሩት መወጣጫ ሳይነሣ እዚያው ቀረ። ሥራው ቢፈጸም ኖሮ ያፈርሱት ነበር። እነዚያ ታላላቅ ድንጋዮች በምን ዓይነት ድካም ወደ ላይ እንደወጡ በዓይን የሚያሳየው ይህ የአፈር ክምር ነው። የነገሥታቱ ስም በየዓምዱ ተቀርጿል፤ ድንጋዩን የጎተቱት ሰዎች ግን ከዚህ ክምር በቀር በዚያ ግቢ የቀረላቸው ምስክር ጥቂት ነው።

በዚያው ግቢ መካከል ብቻውን የቆመ አንድ ረጅም ዓምድ አለ። ቀድሞ 10 ዓምዶች የነበሩት የአንድ ሕንፃ ቅሪት ነው፤ ያሠራውም ንጉሥ ታሃርቃ ነው። ይህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ690 እስከ 664 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን የገዛ ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕና በትንቢተ ኢሳይያስ «ቲርሐቅ» ብሎ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሲል የሚጠራው እርሱ ነው። ማታ ብርሃኑ ይህን ዓምድ ከሌሎቹ ጋር አንድ አድርጎ ስላሳየኝ ከፊቱ አልፌ ሄጄ ነበር፤ ጠዋት ግን በሥሩ ብዙ ጊዜ ቆምሁ።

ወደ ግብፅ ስሄድም ስመለስም ያረፍሁት በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 7 ቢስ በዘመዶቼ ቤት ነበር። «ቢስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ ክፉ ቢመስልም፣ ፈረንሳዮች ቁጥር ሲደግሙ የሚጨምሩት ቃል ስለሆነ የሰፈሩ ስም «ሁለተኛው 7» እንደ ማለት ነው። በዚያ የሐበሻው፣ የሶማሌው፣ የአፋሩና የዓረቡ ልጅ በአንድ መንገድ ይጫወታል፤ በቤቱ የእናቱን ቋንቋ፣ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይናገራል። በተመለስሁ ማግሥት ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ልጆቹ በግቢው ምንጣፍ ላይ ተሰብስበው ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች አሳየኋቸው። አሥር ዓመት ያህል የሆናት የቤቱ ልጅ ብቻውን የቆመውን ዓምድ አይታ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ንጉሥ የእኛ ነው ወይስ የእነሱ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጎረቤት የሶማሌ ልጅ ደግሞ በፈረንሳይኛ «የእኛስ አገር የለችበትም?» አለ። እኔ ለመመለስ ስዘገይ አያቷ፣ «አንተ ደግሞ ልጅቷን ለምን ታደክማታለህ? የእኛ ነው በላት፤ ሰው አገር ለሚያድግ ልጅ ስንቅ ይሆናታል» አሉኝ።

የእኒህ እናት ቃል ቀላል አይደለም። ከአገሩ ርቆ የሚያድግ ልጅ የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቻችንም በክፍል ውስጥ ይህንኑ መልስ ስንሰጥ ኖረናል። ነገር ግን እውነቱ ከዚህ የሰፋ ነው። የታሃርቃ መንግሥት ኩሽ ይባል የነበረው ሲሆን፣ ዋና ስፍራው ናፓታ፣ መቃብሩም ኑሪ ናቸው፤ ሁለቱም በዛሬው ሱዳን ይገኛሉ። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሕዝብና አገር «ኢትዮጵያ» ይሉት ስለነበር፣ ዕብራይስጡን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት «ኩሽ» የሚለውን በዚሁ ስም ተረጐሙት፤ ከዚያም ወደ እኛ መጻሕፍት ገባ። በአራተኛው ምዕት ዓመት ንጉሥ ዔዛና ጽሑፉን በሦስት ዓይነት ሲያስቀርጽ፣ በግዕዙ «ሐበሠት» ያለውን በግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» አለው። ስሙ በእኛ ላይ የጸናው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ፣ «ንጉሡ የጎረቤታችን የሱዳን ሰዎች አባት ነው፤ ስማችን ግን አንድ ነበር፤ ስም እንዴት እንደሚጓዝ ደግሞ ልንገርሽ» ብዬ መለስሁላት። የጎረቤትን አባት ወስዶ ለልጅ መስጠት ስንቅ አይሆንም፤ አንድ ቀን ባለቤቱ ሲመጣ ልጅቷ እጇን ባዶ ታገኘዋለችና።

የሶማሌው ልጅ ጥያቄም መልስ አላጣም። ከካርናክ ማዶ፣ ከዓባይ በስተምዕራብ፣ ሐትሼፕሱት ባሠራችው በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ ንግሥቲቱ በዘጠነኛው ዘመነ መንግሥቷ ወደ ፑንት የላከቻቸው 5 መርከቦች ተቀርጸዋል። የፑንት ሹም ፓራሁና ሚስቱ አቲ፣ በመሰላል የሚወጣባቸው ቤቶች፣ ከነሥራቸው ተነቅለው የተጫኑ የከርቤ ዛፎች ሁሉ ይታያሉ። የፑንት ቦታ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል፤ ብዙዎቹ ግን ወደ ቀይ ባሕር ደቡብና ወደ አፍሪቃ ቀንድ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በግብፅ መቃብሮች የተገኙ የደረቁ የዝንጀሮ አስከሬኖች በኬሚካል ዘዴ ተመርምረው፣ የአንዳንዶቹ ትውልድ ስፍራ ዛሬ ኤርትራን፣ ኢትዮጵያንና ጅቡቲን፣ እንዲሁም የሶማሊያንና የየመንን ከፊል የሚያካትት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በዘር ምርመራ የአንዱ ዝንጀሮ ትውልድ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ያመለክት እንደነበረ ታወቀ። «ስለዚህ የንግሥቲቱ መርከቦች በዚህ ባሕር ሳያልፉ አልቀሩም» ብዬ ለልጁ ነገርሁት፤ ከዚያ በላይ አልጨመርሁም። ልጆቹም ቅር አላላቸውም። ዝንጀሮዎቹ በመርከቡ ገመድ ላይ ወጥተው የተቀረጹበትን ፎቶግራፍ ባዩ ጊዜ፣ በባሕሩ ላይ መርከበኞቹን አስቸግረው እንደሆነ እየተከራከሩ አመሹ። አያቲቱም ከእነሱ ጋር ሲስቁ አየኋቸው።

ከዚህ ሌላ በጨለማ የሚቀር ነገር አለ፤ እርሱም በቦታው የሌለው ድንጋይ ነው። መብራት ባዶ ቦታን ሊያበራ አይችልም። ከካርናክ የተወሰደና 32 ሜትር የሚያህል አንድ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ357 በሮም ትልቁ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ወድቆ ተቀብሮ ከኖረ በኋላም በ1588 በላተራን አደባባይ ተተከለ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ከዚያ ከቀድሞው የፈረስ ሜዳ ጫፍ አጠገብ ነበር ፋሽስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 የእኛን የአክሱም ሐውልት ያቆሙት። ኢጣልያ በ1947ቱ የሰላም ውል የወሰደችውን ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር፤ ቃሉ የተፈጸመው ግን ከ58 ዓመት በኋላ ነው። 24 ሜትር የሚያህለው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመለሰ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.ም በቦታው መቆሙ በበዓል ተከበረ። በቦታው ባልነበረባቸው ዓመታት በአክሱም ያደገ ተማሪ ሐውልቱን ያየው በመምህሩ ቃል ብቻ ነበር። ያ ቃል ባይኖር ኖሮ ይመለስልን ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ ከየት ይገኝ ነበር?

እንግዲህ ከድምፅና ብርሃን የምንወስደው አለ፤ የምንጨምርበትም አለ። ማስደነቁን እንውሰድ። ተማሪ ያልተደነቀበትን ነገር አይጠይቅምና፣ በፋሲል ግቢም ሆነ በአክሱም ሐውልቶች ሥር የመጀመሪያውን ሰዓት ለአድናቆት እንስጠው። ለዚህ የኤሌክትሪክ ብርሃን የግድ አያስፈልግም፤ በላሊበላ የልደት ሌሊት ጧፍ የያዘው ምእመን በቤተ ማርያም ዙሪያ ሲቆም፣ ድንጋዩ በባለቤቶቹ እጅ ይበራል። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ተማሪውን ወደዚያው ቦታ መልሰን እንውሰደው። የወደቀውንና 33 ሜትር የሚያህለውን የአክሱም ትልቁን ሐውልት አሳይተን፣ ድንጋዩን ማን እንደጠረበው፣ በምን እንደተጐተተ፣ ለምንስ እንደወደቀ ይጠይቅ። በሰልጣኝ መምህራን ትምህርት ቤት የማስተምራቸውን ወጣቶች አንድ ልምምድ አሠራቸዋለሁ፤ ያዘጋጁትን ትምህርት ካነበቡ በኋላ በዚያ ትምህርት ውስጥ በጨለማ የቀረውን ሰው በአንድ ገጽ እንዲጽፉ አዛቸዋለሁ። አንዳንዱ ስለ ግንበኛው፣ አንዳንዷ ስለ ስንቅ ተሸካሚዋ፣ አንዳንዱም ስለ ተሸነፈው ወገን ይጽፋል። ጽሑፎቹ ብዙ ጊዜ ከዋናው ትምህርት ይሻላሉ።

በካርናክ ያለው ድምፅ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ተመልካቹ እጁን አውጥቶ ቢጠይቀው አይመልስለትም። የመምህርን ሥራ ከመሣሪያ የሚለየው ይህ ነው። የሚጠይቀው ልጅ በፊታችን ተቀምጧል፤ የሚያስደስተውን ብቻ ሳይሆን እውነተኛውን መልስ የመስጠት አደራም በእጃችን ነው። አደራውን በሚገባ ከጠበቅነው፣ ልጁ በራሱ አባቶች ይኮራል፤ የጎረቤቱንም አባቶች ያከብራል፤ ያልታወቀውንም ፈልጎ ለማግኘት ይነሣል።