በባሌ ደጋ የሳንባ ሕክምና ከሆስፒታል ወደ ቤት ያደረገው ጉዞ

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጤነኛ ሰው በእግሩ ይዘልቀዋል፤ ሳንባው ለተጎዳ ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ከጎባ በላይ በተንጣለለው የሳኔቲ አምባ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ፣ ከዐሥር እጅ ወደ ስድስት እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ለደጋው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት መመላለሱ ራሱ የሕመሙ አንድ ክፍል ነው።

ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በሳናቶሪየም ተኝቶ ዕረፍትና ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ይታዘዝ ነበር፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ለዚሁ አገልግሎት የቆመ ነበር። ይህን እምነት የናደው እ.ኤ.አ. በ1959 በሕንድ፣ በማድራስ ከተማ የተደረገው ጥናት ይፋ መሆኑ ነው። በጠባብ ጎጆአቸው ሆነው መድኃኒት የወሰዱ ድሆች በሳናቶሪየም ከተኙት ጋር የሚቀራረብ ፈውስ አገኙ። ፈዋሹ አልጋው ሳይሆን ሳይቋረጥ የተወሰደው መድኃኒት መሆኑ ታወቀ።

መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማን ይጠብቅ? በኢትዮጵያ የብሔራዊው የሳንባ ነቀርሳ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቋመ። በ1992 ደግሞ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚውጥበት ሥርዐት በአርሲና በባሌ ለሙከራ ተጀመረ፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን የዓለም አስቸኳይ አደጋ ብሎ ከማወጁ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። ሆኖም ጠባቂው ዐይን በጤና ተቋሙ ውስጥ ስለነበር፣ በማድራስ የቀረው ጉዞ በዕለት ምልልስ ተመልሶ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ርቀት አሳጠረ፤ ጠባቂዋ ሕመምተኛው በሚኖርበት ቀበሌ፣ በጤና ኬላ ተቀመጠች። ቀጥሎም በአዲስ አበባ በ10 ጤና ተቋማት በተደረገና በ2022 በታተመ ጥናት፣ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱን የሚመዘግብ የመድኃኒት ሳጥን ተሞከረ። የ15 ቀን መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው የሄዱት በየቀኑ ከሚመላለሱት ባላነሰ ጥንቃቄ መድኃኒታቸውን ወሰዱ።

ነገር ግን ተሕዋሲው የጠፋለት ሳንባ ሁሉ ሙሉ ሳንባ አይደለም፤ ጠባሳው ትንፋሽ ያሳጥራል። ለዚህ መድኃኒቱ ተሐድሶ ነው፤ ይኸውም ለሳምንታት የሚዘልቅ የተመጠነ የእግር ጉዞ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያና የአተነፋፈስ ልምምድ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ 15 ጥናቶችን ያሰባሰበ የ2021 ግምገማ፣ በስልክና በምስል ከርቀት የሚሰጠው ተሐድሶ በማዕከል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ልምምዱን የፈጸሙት ከርቀት ከተከታተሉት 93 በመቶ፣ ወደ ማዕከል ከተመላለሱት 70 በመቶ ነበሩ።

ይህን ወደ ባሌ ለማምጣት መሣሪያ ብቻ አይበቃም። በባሕር ወለል የተወሰነ የኦክሲጅን ልክ ለሳኔቲ ግርጌ ነዋሪ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ ከሩቅ ሆኖ የሚያሠለጥነው ባለሙያ የሕመምተኛውን ደጃፍ ከፍታና ዳገት ማወቅ አለበት። ያለፈው ታሪክ የሚያስተምረውም ይኸው ነው፤ ሕክምና ከሆስፒታል ሲወጣ የጸናው፣ ቀሪውን ቆጥሮ «ምነው ቀረህ?» የሚል ሰው አብሮት በወጣ ጊዜ ነው።