ተምር ከባሕር ማዶ፦ ለረመዷን ቀድሞ የሚከፈል ገንዘብና ውሉ

በአገራችን ተምር ይበቅላል፤ በአፋር በአሳኢታና በአፋምቦ አካባቢ የተምር ዛፍ አለ። ለረመዷን ገበያ የሚበቃው ግን ከውጭ የሚገባው ነው። እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ሲሸጥ የምናየው ፍሬ በጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ በባሕር ዳርና በሐሙሲት በኩል የመጣ ነው። በየእጁ ዋጋው ይጨምራል።

ለስልሶ ገና ያልደረቀው ሩጠብ ይባላል። ከለቀማ እስከ ሱቅ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ ስላለበት ለእንዲህ ያለ ሩቅ ከተማ አያዋጣም፤ የሚመጣው ባብዛኛው የደረቀው ነው። ትኩስ ፍራፍሬ የሚያስገባ ነጋዴ ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ሊይዝ ይገባል።

ትልቁ ጉዳይ ገንዘቡ ነው። በዓረብ አገራት ተምር በብዛት የሚለቀመው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ የ1447 ዓ.ሂ. ረመዷን ግን የካቲት 2018 ላይ ነው የዋለው። ስለዚህ ነጋዴው ወራት ቀድሞ ይከፍላል፤ እሱም ከጀመዓው ቀድሞ መሰብሰብ ይፈልጋል።

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለአንድና ለሁለት ዓመት ቀድመው እየከፈሉ ፍሬ ይገዙ ነበር። አልከለከሏቸውም፤ መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። ይህ ሰለም ይባላል። ዓይነቱና ጥራቱ በውሉ ይገለጻል። «ከእገሌ አትክልት ስፍራ ብቻ» ማለት ግን አይበጅም፤ ያ ስፍራ ላያፈራ ይችላል።

እኛ ዘንድ የተለመደው ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ መክፈል ነው። ብዙኃኑ ዑለማእ ሰለም ላይ ሙሉ ዋጋው በውሉ መቀመጫ እንዲከፈል ያዝዛሉ፤ ማሊኮች እስከ ሦስት ቀን ይፈቅዳሉ። ሙሉውን መክፈል የማይችል ሰው ስሙን ብቻ አስመዝግቦ ተምሩ ሲደርስ ቢገዛ ይሻለዋል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰናል። ሙሉውን የተቀበለ ነጋዴ ዶላር ስለጨመረ ብቻ «ጨምሩልኝ» ማለት አይችልም። ተምሩ ካልመጣም ገዢው ወይ ይጠብቃል፣ ወይ የከፈለውን ያህል ይመለስለታል።

አስመጪው ገንዘብ ካጠረው በሙራበሓ ይሠራል። በ2013 ሥራ የጀመረውን ዘምዘምን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ በታወቀ ትርፍ ለነጋዴው ይሸጣል፤ ገንዘብ ብቻ አበድሮ ጭማሪ ከተቀበለ ግን ስሙ ቢለወጥም ወለድ ነው።

ቸርቻሪውም ድርሻ አለው። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰድደው እርጥቡ ከሥር ተደብቆ ሲያገኙ ሻጩን ገሥጸዋል። የካርቶኑን ላይኛ ረድፍ አሳምሮ የሻገተውን ከሥር ማድረግ ያው ነው። ገዢውም ካርቶኑን ገልብጦ ከታች ያለውን ይይ፤ ሲመዘንም የካርቶኑ ክብደት ይቀነስለት።