ሰቃይ፣ ደም መላሽ፣ ርምጃ ወሳጅ፦ የሞት ቅጣት ፈጻሚ በአማርኛ የተጠራባቸው ስሞች

የሞት ፍርድን በእጁ የሚፈጽም ሰው በብዙ አገር ቅጽል ስም ይወጣለታል። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዘመን በነበረው በጃክ ኬች ስም ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሰቃዮች ሁሉ ጠርተዋል። ፈረንሳዮችም የዋና ከተማቸውን አንገት ቆራጭ «ሙሴ ደ ፓሪ» ይሉት ነበር። በአማርኛ ግን እንዲህ ያለ፣ በአንድ ሰው ላይ የተለጠፈ ስም አልተለመደም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ከቃላቱ ታሪክ መፈለግ ነው።

ጉዳዩ ለደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚያወሳው፣ ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል የተባሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ በ1446 ዓ.ም. ገደማ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በሰማይ ብርሃን ስለ ታየ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። ውግራት የብዙ እጅ ሥራ ነው፤ የማን ድንጋይ እንደ ገደለ ስለማይለይ ለገዳዩ የተለየ ስም አያስፈልገውም።

በነፍስ ግድያ ፍርድም ቢሆን ቋሚ ገዳይ አልነበረም። በቀድሞው ሥርዓት ወንጀለኛው ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፤ እነርሱም ካሣ መቀበል ወይም በእጃቸው መግደል ይችላሉ። ፈጻሚው «ደም መላሽ» ይባላል። ቃሉ ዝምድናን እንጂ ሙያን አይናገርም፤ ገዳዩን ባለ ዕዳ፣ ግድያውን የብድር ክፍያ ያደርገዋል።

«ሰቃይ» የሚለው ቃል ከዚህ ይለያል። ከ«ሰቀለ» የወጣ ሲሆን፣ «ገደለ» «ገዳይ» እንደሚሆን ሁሉ መጨረሻው «ል» ወደ «ይ» ተለውጧል። ሲነገር የሚቀርበው «ሥቃይ» ግን ከግእዙ «ሣቀየ» የመጣ፣ ሥሩ የተለየ ቃል ነው። ሁለቱ በጆሮ ስለተቀራረቡ ሰቃዩ አሠቃይም መስሎ ይሰማል። «ገዳይ» በፉከራና በቀረርቶ የክብር ስም ነው፤ አንበሳ ገዳይ፣ ዝሆን ገዳይ ይባላል። «ሰቃይ» ግን የሚፎከርበት ስም አይደለም፤ የታሰረን ሰው መግደል ጀግንነት አያሰኝምና። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ሲሰቀል የሕዝቡ ግጥም ያነሣው የተሰቀለውን ነው።

የጣሊያን ወረራ ሌላ ስም ጨመረ። «ባንዳ» በጣሊያንኛ የታጠቀ ቡድን ማለት ነው። ጣሊያኖች ለአገሬው ተወላጅ ረዳት ጦራቸው ያዋሉት ይህ ቃል በአማርኛ ከሃዲ ማለት ሆነ፤ ለባዕድ ብሎ ወገኑን የሚገድል በዚህ ስም ተጠራ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በላጋ ወልዴ፣ ሌሎችም በደብረ ብርሃን አጠገብ በእንገጫ በተረሸኑበት ዘመን የመግደል ሥራ የሚለካው ለማን እንደ ተሠራ ነበር።

ደርግ ከሁሉም የከፋ ነገር አደረገ፤ አድራጊውን ከዐረፍተ ነገሩ አወጣው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና ሌሎች ሲገደሉ «ስድሳዎቹ» የሚል ስም የወጣው ለሟቾቹ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ «አብዮታዊ ርምጃ ተወሰደበት» ተባለ። ርምጃ የእግር ሥራ ነው፤ ደም የለበትም። «ተወሰደበት» ተገብሮ ግሥ ስለሆነ ማን ወሰደው የሚለውን ጥያቄ ይዘጋል። «ነጻ ርምጃ» ሲባል ደግሞ ነጻ የወጣው ከተጠያቂነት ነበር። እስረኛና ቤተሰቡ ግን «ገራፊ»፣ «አፋኝ» እያለ በተግባሩ ጠራው። ዐረቦች የሞት ቅጣት ፈጻሚውን «ጀላድ»፣ ማለትም ገራፊ፣ እንዳሉት ሁሉ የኛም ሰው የሚያውቀው ያየውን እጅ ነው።

እንግዲህ ስሞቹ በዝምድና፣ በድርጊት፣ በጌታ ተለዋውጠው በመጨረሻ ያለ አድራጊ ቀሩ። የቀይ ሽብር ችሎት በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት ጥፋተኛ ሲል የተገብሮውን ግሥ ወደ አድራጊ መልሶታል፤ ያለ ባለቤት ክስ አይጻፍምና። የዘመኑን ትዝታዎችና ልብ ወለዶች የሚያጠና ተማሪም «ተወሰደበት» የሚል ግሥ ሲያጋጥመው ሰዋስውን ብቻ አይቶ አይለፍ፤ ባለቤቱ የት ሄደ ብሎ ይጠይቅ።