ከነቢያት ጋር መለመን፦ ዘመነ ስብከት እና የግሪጎሪ ዲክስ መላምት

እንግሊዛዊው የቤኔዲክት ማኅበር መነኩሴ ግሪጎሪ ዲክስ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው «የሥርዓተ አምልኮ ቅርጽ» የተሰኘ መጽሐፍ የበዓላትን ዑደት የምናነብበትን መንገድ እስከ ዛሬ እንደያዘው ነው። ዲክስ «የዘመን መቀደስ» ባለው ምዕራፍ የሚሟገተው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከኒቅያ ጉባኤ በፊት የነበረችው ቤተ ክርስቲያን አምልኮዋ ወደሚመጣው መንግሥት ያቀና ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ከዓለም ጋር ስትታረቅ ከጊዜም ጋር ታረቀች፤ በተለይም በቅዱስ ቄርሎስ ዘመን በኢየሩሳሌም አምልኮው ያለፉትን ድርጊቶች በየቀናቸውና በየቦታቸው ወደ መዘከር አዘነበለ። ይህን ከተቀበልን ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀ ታሪክን መልሶ ከመተረክ ያለፈ ሥራ አይኖራቸውም። ተስፋም ከጸሎት ወጥቶ ትዝታ ይሆናል።

ከልደት በፊት ያለው የምዕራቡ የምጽአት ወቅት እንዴት እንደተፈጠረ ብዙ የሚያከራክረኝ ነገር የለም። በ380 በስፔን ሳራጎሳ የተሰበሰበው ጉባኤ ምእመናን በአውሮፓ አቆጣጠር ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ኤጲፋንያ ከቤተ ክርስቲያን እንዳይቀሩ ወስኗል፤ በጎል ደግሞ ከቅዱስ ማርቲን በዓል የሚጀምር ጾም በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ተስፋፍቷል። ይህ በሚገባ የተጠና ነው። ዲክስንም የሥርዓተ አምልኮ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ታፍት እና ቶማስ ታሊ በ1980ዎቹ በብርቱ ተችተውታል። ትችታቸው ግን በአመዛኙ ራሱ ዲክስ በቆመበት በሜዲትራኒያን ዙሪያ ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግጻዌ፣ ማለትም የዓመቱ የንባባት ሥርዓት፣ ያቆየልን ምስክርነት፣ እስካየሁት ድረስ፣ ለዚህ ሙግት ቀርቦ አያውቅም። ምዕራባዊው ተመራማሪ የዜማ መጽሐፉን ድጓን የሚያውቀው ይልቁንም በርናር ቬላ በ1960ዎቹ ባሳተመው በጾመ ድጓ፣ ማለትም በዐቢይ ጾም በኩል ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዜማ ሲነሣ የሁሉም ዓይን ወደ ሕማማት ይሄዳል፤ ከልደት በፊት ያለው ዘመነ ስብከት ግን ሳይታይ ይታለፋል።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል። በውስጡ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ይባላል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚውለው እሑድም በዚያው ስም ይጠራል። የእነዚህን ሦስት እሑዶች ምስባክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የስብከት ምስባክ ከመዝሙር 143 ቁጥር 7 የተወሰደ ሲሆን እግዚአብሔር እጁን ከአርያም ልኮ ከብዙ ውኃ እንዲያወጣ ይለምናል። የብርሃን ምስባክ ከመዝሙር 42 ቁጥር 3 ነው፤ ብርሃኑንና ጽድቁን ልኮ እንዲመራ ይለምናል። የኖላዊ ምስባክ ከመዝሙር 79 መጀመሪያ ነው፤ የእስራኤል እረኛ እንዲያደምጥ ይማጸናል። ሦስቱም ልመና ናቸው። አንዳቸውም ቢሆን የሆነውን አይተርኩም። መዝሙር 42 ከመቅደስ የራቀ ሰው ሮሮ ነው፤ መዝሙር 79 አጥሩ የፈረሰበትና ጎረቤት የሚዘባበትበት ሕዝብ እንባ ነው፤ መዝሙር 143 ከባዕዳን እጅ ለመዳን የሚጮኽ ንጉሥ ጸሎት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከምስጋና መዝሙራት የፈለገችውን መውሰድ ስትችል ወደ ልደት ለምትቀርብበት ጊዜ የመረጠችው የተጨነቀን ሰው ድምፅ ነው።

ምስባኩ የሚባልበት አኳኋንም የሙግቱ አካል ነው። ዲያቆኑ ከወንጌል በፊት ያዜመዋል፤ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ሴቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሽማግሌው መቋሚያውን ተደግፎ፣ ያንኑ ልመና በራሳቸው አፍ ይመልሱታል። ኢሳይያስ እንዲህ ብሎ ነበር ተብሎ አይነገራቸውም፤ ራሳቸው በኢሳይያስ ቦታ ቆመው ይጮኻሉ። ዲክስ ታሪካዊ መታሰቢያ የሚለው ነገር ተመልካችና ታሪክ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ተመልካች የለም።

የስብከት እሑድ ወንጌል ከዮሐንስ ምዕራፍ 1 የሚነበበው የፊልጶስና የናትናኤል ታሪክ ነው። ፊልጶስ ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አገኘነው ይላል፤ ናትናኤል ግን ከናዝሬት በጎ ነገር ይወጣል ብሎ አላመነም። የወቅቱ መግቢያ ለሚጠራጠር ሰው መሰጠቱ ሊታሰብበት ይገባል። የትርጓሜ መምህራን ከዚህ ላይ የሚያያይዙት ትውፊት ደግሞ አለ፦ ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀ ጊዜ የናትናኤል እናት ልጇን ከበለስ ሥር ሸሽጋው ነበር፤ ጌታ ከበለስ በታች አየሁህ ያለው ያንን ነው። በዚህ ትርጓሜ ገና ልደት ሳይደርስ የሕፃናቱ እልቂት በመጀመሪያው እሑድ ይገባል፤ ተስፋው የሚሰበከው ልጇን ከሰይፍ በደበቀች እናት በኩል ነው። በዘመናችን ልጅ ይዞ መሸሸግ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ምእመን ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። እኔም ይህን ንባብ የወቅቱ ልብ አድርጌ የምይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው እሑድ የሚነበበው የዕብራውያን መልእክት መጀመሪያ እግዚአብሔር በልጁ ተናገረ ብሎ ያለፈውን ያወሳልና መታሰቢያው አለ የሚል ይኖራል። አለ፤ ነገር ግን መልእክቱ ለልመናው መሠረት ይሰጣል እንጂ አይተካውም። ተናግሯል ብሎ ያመነ ሰው ነውና እጅህን ላክ ብሎ የሚደፍረው። በብርሃን እሑድ የሚነበበው ሮሜ 13 ከቁጥር 11 ጀምሮ ይህንኑ ያጸናል፤ ቀኑ ደርሷል አይልም፣ ቀርቦአል ይላል።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው፦ ድጓ በትውፊት ለ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ቢሰጥም በእጃችን ያሉት ጽሑፎች ከብዙ ዘመን በኋላ የተገለበጡ ናቸው፤ ስለ 4ኛው መቶ ዓመት ምን ሊመሰክሩ ይችላሉ? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚጎዳው ዲክስን ነው። እርሱ ለውጡ ከ4ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ጸንቶ ቀረ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የተደራጀ ሥርዓት ገና በልመና ውስጥ ቆሞ ከተገኘ ለውጡ ሁሉን እንዳልጠቀለለ ማስረጃ ነው። የጽሑፎቹን ዕድሜ በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል ለእነርሱ ባለሙያዎች እተዋለሁ።

ብርሃን የሚለው ስም ከክረምት ጨለማ የመጣ ነው የሚለውን አስተያየት ግን መቀበል ያስቸግራል። የሰሜን አውሮፓ ምእመን በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ሲጨልምበት ሻማ ማብራቱ ይገባል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ታኅሣሥ የበጋ ፀሐይ የሚያበራበት፣ ጤፍ ታጭዶ አውድማ የሚሞላበት ጊዜ ነው፤ በአዲስ አበባ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እህል በተትረፈረፈበት ሰሞን ሥጋና ወተት ትቶ፣ ፀሐይ በወጣችበት ሰማይ ሥር ብርሃንህን ላክ ብሎ መለመን ከአየር ንብረት የሚመነጭ አይደለም። የጎደለው ሌላ ነው። ይህ በስደት ላሉትም ይታያል፦ በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ገናን ሲያከብር እርሱ ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ፣ በብርሃን ሳምንት ውስጥ፣ ገና በጾም ላይ ነው። ከተማው በዓሉን አድርሶ ሳለ እርሱ መለመኑን አልጨረሰም።

ዲክስ ራሱ ሊያየው ይችል የነበረ ማስረጃም አለ። በሮማውያን ሥርዓት በምጽአት ሁለተኛ እሑድ መግቢያ ላይ የሚዜመው መዝሙር ይኸው መዝሙር 79 ነው፤ እረኛው እንዲያደምጥ የሚለምነው ያው የኖላዊ ቁጥር። ሮሜ 13ም በዲክስ ዘመን በዚያው ሥርዓት የመጀመሪያው እሑድ መልእክት ሆኖ ይነበብ ነበር። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት የሚያበቃ ምንም የለኝም፤ እንዲያውም ባይወሰድ ለሙግቴ ይሻላል። እርስ በርስ ሳይማከሩ አንድ መዝሙር ላይ የደረሱ ሁለት ሥርዓቶች፣ ከልደት በፊት ያለውን ጊዜ እንደ መታሰቢያ ሳይሆን እንደ ልመና እንደ ተረዱት ያሳያሉና። ዲክስ ወደ ኢየሩሳሌም አደባባዮች የሄደው ይህን በየዓመቱ በገዳሙ መዘምራን አፍ የሚሰማውን ድምፅ ሳይመዝን ነው።