ባለጥለቱ እባብ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። አንድ ጊዜ ልቡ የደነገጠ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ልጥ እንኳ እባብ ይመስለዋል ማለት ነው። እኔን ከተረቱ ጀርባ ያለ ሌላ ጥያቄ ያሳስበኛል፤ ፍርሃት ልጥን ከእባብ ካላስለየን፣ እባብን ከእባብ እንዴት እንለያለን?

ጥያቄው የሚበረታብኝ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ሳስብ ነው። የቦረናዋ መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት የሚጠበቀው የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል።

ጭላዳ በስም ረገድ ዕድለኛ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ይህን እንስሳ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ አዲስ ስም መፍጠር አላስፈለገውም፤ ባላገሩ የሚጠራበትን ስም ተቀብሎ «ጌላዳ» ሲል መዘገበው። ገበሬው ጭላዳን ከሌላው ዝንጀሮ ለይቶ ያውቅ ስለነበር ለዓለም የሚያበድረው ስም ነበረው።

በዚሁ ደጋማ አገራችን ላይ የሚኖረው አንድ ምስኪን እባብ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ስሙ የወጣለት ፓሪስ ውስጥ ነው። የፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊቃውንት፣ ዱሜሪል አባትና ልጁ፣ አባትየው ከሟቹ ባልደረባቸው ከቢብሮን ጋር በጀመሩት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1854 «ሌምኒስካተስ» አሉት። ላቲን ነው፤ በሪባን ያጌጠ እንደ ማለት። ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በማግሥቱ ዓመት ነው።

ያ ዘመን ዕውቀት በሕይወት የሚከፈልበት ዘመን ነበር። ሙዚየሙ ከሌፌብቭር ጉዞ ጋር ወደ አገራችን ከላካቸው ሁለት ሐኪሞች ካርተን ዲሎን በቆላ ንዳድ ሞተ። ባልደረባው ፔቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ዕፅዋትና እንስሳት ግን ፓሪስ ደረሱ።

እኛስ? ግእዙ «አርዌ ምድር» እና «ተመን» ይላል፤ አማርኛው «እባብ»፣ «እፉኝት»፣ «ዘንዶ»። አክሱምን ይገዛ ነበር የሚባለው የአፈ ታሪኩ ንጉሥም አርዌ ነው። እነዚህ ስሞች ባብዛኛው የፍርሃታችንን መጠን ይለካሉ፤ የእንስሳውን መልክና ጠባይ እምብዛም አይነግሩንም። ስም የሌለው ፍጡር ደግሞ ጠበቃ የለውም። በመስኖ ቦይ ዳር የተገኘ ሁሉ «እፉኝት» ተብሎ በዱላ ይቀጠቀጣል።

መልኩን ላስተዋለ ግን ልዩነቱ ጉልህ ነው። እፉኝት ወፍራምና ጭራው አጭር ነው፤ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ሰፍቶ ይታያል፤ ሲቆጣ ሰውነቱን ነፍቶ ያፏጫል። የእኛ ባለሪባን ቀጠን ያለ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጭራው ርዝመቱን ተከትለው የሚወርዱ ጥቁርና ፈዛዛ መስመሮች አሉት። ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም።

ረግረግና ውሃ ዳር የሚወድ ሌላም አለ፤ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች «ነጭ ከንፈር» የሚባለው። እንቁራሪትና ጉርጥ እያደነ ይኖራል። መርዙ ደካማ፣ የመርዝ ጥርሱም ከአፉ ኋላ ስለሆነ ለሰው አያሰጋም። ሲደነግጥ ግን ጭንቅላቱን ጠፍጥፎ እፉኝት ይመስላል፤ ጠላቱን ሊያስፈራራ ያመጣው ብልሃት በሰው ዘንድ ያስገድለዋል።

ይህን ስል ፍርሃቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ተርታ መድቦታል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ባዶ እግሩን የሚያርስና የሚያግድ ባላገር ነው። ያልታወቀን እባብ ከመንካት መራቅ፣ ለተነደፈም ሰው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ግድ ነው። ነገር ግን መራቅ ሌላ፣ አሳዶ መግደል ሌላ።

ፓሪሶች ሪባን ያዩበትን መስመር የወሎ ሸማኔ ቢያየው ጥለት ይለው ነበር። ስለዚህ እኔ ከእንግዲህ «ባለጥለት እባብ» እለዋለሁ። የተሻለ ስም ያለው አንባቢ ቢኖር ደስታዬ ነው። ዘግይተንም ቢሆን ለአገራችን እባብ ባገራችን ቋንቋ ስም እናውጣለት።