ሳይፈስ የቀረው ዘይት

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ ወሬው በአንድ ሌሊት አገሩን አዳረሰ። የደረሰ ጥፋት ነጋሪ አያጣም፤ ሳይደርስ የቀረው ግን ጸሐፊ የለውም። በ2015 ዓ.ም. በቀይ ባሕር የሆነው ነገር ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ሳፈር የተባለችው መርከብ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1976 በጃፓን አገር ተሠራች፤ ርዝመትዋ ከ360 ሜትር ይበልጣል። ኋላም መጓዝ ትታ በየመን ጠረፍ በራስ ኢሳ ፊት ቆማ፥ ከማሪብ የሚመጣው ዘይት የሚጠራቀምባት ጐተራ ሆነች። በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት በበረታ ጊዜ ጥገናዋ ተቋረጠ። በሆድዋም ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በርሜል የሚበልጥ ድፍድፍ ዘይት ቀረ፤ ይኸውም ኤክሶን ቫልዴዝ መጋቢት 15 ቀን 1981 ዓ.ም. በአላስካ ካፈሰሰችው አራት እጥፍ ያህል ነው። በአላስካ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ እንኳ ዘይቱ በጠረፉ ድንጋይ ሥር ተገኝቷል።

በነጭ ጋቢ ላይ የወደቀች የዘይት ጠብታ እንደምትሰፋ የሸማ ነጋዴ ያውቃል፤ ጋቢ ግን ይታጠባል። በባሕር የፈሰሰውን ዘይት ማዕበሉ ወደ ዳርቻ ይገፋዋል፤ የወፉን ላባ ያጣብቃል፤ ከጭቃ ብቅ ብለው አየር የሚስቡትን የማንግሮቭ ሥሮች ይደፍናል፥ ዛፉም በቆመበት ይደርቃል። የየመን ዓሣ አስጋሪ መረቡን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ የሁዴይዳ ወደብ ቢዘጋ እህል ለሚጠብቀው ሕዝብ ረኃብ ነው። ለኤርትራ ጠረፍና ለጅቡቲም ተሰግቶ ነበር። ኢትዮጵያ ጠረፍ ባይኖራት ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነውና፥ የመርካቶ መደብር ከዚህ ስጋት ውጭ አልነበረም።

በግንቦት 2012 ዓ.ም. የባሕር ውሃ ወደ ሳፈር ሞተር ክፍል ገባ፤ ጠላቂዎች ለጊዜው አቆሙት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሌላ መርከብ ገዛ፤ ለሥራውም መንግሥታት ብቻ ሳይሆኑ ተራ ሰዎችም ከኪሳቸው አዋጡ። ሐምሌ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ዘይቱን መገልበጥ ተጀመረ፤ ነሐሴ 5 ቀን ተፈጸመ። ጦርነት ባለበት አገር ይህን ያህል መስማማት ብርቅ ነው።

ስድስት ወር ካለፈ በኋላ፥ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በዚያው ባሕር በሚሳይል ተመታች፤ ከእርስዋ የፈሰሰው ዘይት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘረጋ። ጭነትዋ 21 ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ ነበረ። የካቲት 23 ቀን፥ በዓድዋ በዓል ዕለት፥ ከነጭነትዋ ሰጠመች።