አንድ ገጽ፣ ሁለት ፊደል

የዚህች መጽሔት የመጀመሪያ እትም አዳማ ላይ ስትወጣ እኛ አዘጋጆቿ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ደስታው ግን የቆየው አንዲት የክፍል ጓደኛችን በአፋን ኦሮሞ የጻፈችውን ግጥም ገልጣ እስክታይ ድረስ ነው። ለአማርኛ ግጥም በለካነው ጠባብ ዓምድ ውስጥ ስላስገባነው እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮችም ከገጹ ግርጌ ወድቀው ቀርተዋል። «ለመሆኑ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ ወይስ ባለቤት?» አለችን። መልስ አጣን።

ለካስ ገጽ ማሰናዳት ጌጥ አይደለም! ሥራውን ከታሪክ መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ባቱ (ዝዋይ) ትገኛለች። በሐይቋ ውስጥ ያለችው የቱሉ ጉዶ ደሴት የቆዩ የብራና መጻሕፍት ሲጠበቁባት የኖረች ናት። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያሰምራል፤ ዓምዱን ይከፍላል፤ ኅዳጉን ሰፋ አድርጎ ይተዋል። መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ቃል ማለት ነው። እኛ ግን ቦታ ትዝ ያለን ወረቀቱ ሲያልቅ ነው!

«ማተሚያ ቤት የለንም» የሚለው ሰበብም አያዋጣም። «አእምሮ» ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሰራጭ ነበር፤ በማባዣ መውጣት የቻለው ኋላ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመውም በ1914 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአማርኛ ጋዜጣ የተነሣው ከእኛ ባነሰ መሣሪያ ነበር።

ለጓደኛችን ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ«በሪሳ» ታሪክ ነው። ይህ የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲመሠረት የሚታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ከጸደቀ በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ዞረ። ፊደል ሲለወጥ ደግሞ ገጹም ይለወጣል። የእኛ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ በቁቤ ግን ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ድምፁ ሲረዝም አናባቢው፣ ሲጠብቅ ተነባቢው ይደገማል። «በሪሳ» የሚለው ስም ራሱ በግዕዝ ፊደል ሦስት ሆሄ ነው፤ በቁቤ ስምንት! ለሁለቱም ያው ዓምድ ሲሰጥ እኩልነት ይመስላል፤ የሚሰበረው ግን የአንደኛው ስንኝ ነው።

ሁለተኛውን እትም ስናሰናዳ ስቴንስሉ ላይ ከመመታቱ በፊት ባዶ ወረቀት አንጥፈን በእርሳስ አሰመርን። የየግጥሙን ረጅም ስንኝ ፈልገን ዓምዱን በእሱ ለካን። ቦታ ሲጠብ ሁለት መጣጥፎች ቀነስን (አንዱ የእኔ ነበር፤ ምን ይደረግ!)። ግጥሙም ሙሉ ገጽ ይዞ፣ አንድም ስንኝ ሳይሰበር ወጣ።

ጓደኛችን አይታ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላ «የገጹ ቁጥር ተዛብቷል» አለችን። እውነቷን ነበር። ለሦስተኛው እትም ማስመሪያውን የያዘችው እሷ ናት። እናንተም ጽሑፍ ስትልኩልን በየትኛው ፊደል እንደሆነና ረጅሙ መስመር የቱ እንደሆነ አመልክቱን። ቦታውን አስቀድመን እንለካለን።